የአሽሎው ጉድባ

አቭሪል ነገሩን የሰማችው ልሰልል ብላ አይደለም። ሐሙስ ዕለት ልጇ ቤት እራት በልታ ኮቷን ልትወስድ ወደ መተላለፊያው ብቅ ስትል ነው። ፊሊፓ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበች ለባሏ ለስቱዋርት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትነግረዋለች።

«እሑድ አሽሎው ስንሄድ እነግራታለሁ። ሻይ ላይ። ሰው ፊት አታለቅስም።»

አቭሪል ኮቷን አጥልቃ፣ እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ደህና እደሩ ብላ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ የኮቷን ቁልፎች አዛብታ እንደቆለፈቻቸው አየች። ይኸንንም አይተውብኝ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል አደረች።

ልጇ ምን ልትነግራት እንዳሰበች አልጠፋትም። የማክሰኞን ነገር ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የስድስት ዓመት የልጅ ልጇን ኔልን ከትምህርት ቤት የምታመጣት እሷ ነበረች። በአውቶቡስ ይዛት መጥታ፣ ዳቦ ጠብሳ፣ እንቁላል ቀቅላ፣ እናቷ ከሥራ እስክትመጣ ታቆያታለች። ባሏ ሌናርድ ከሞተ ወዲህ የአቭሪል ሳምንት የቆመው በዚያች ቀን ላይ ነው፤ ሰኞ ለማክሰኞ መሰናጃ፣ ረቡዕ ማክሰኞን ማመንዠኪያ።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ግን ጉድ ሆነች። እንደ ወትሮዋ ከትልቁ ዛፍ አጠገብ ካለው የትምህርት ቤቱ በር ሄዳ ቆመች። ብትጠብቅ ብትጠብቅ አንድም ልጅ አልወጣም። ሌላ ጊዜ የሕፃን ጋሪ እየገፉ በሩን የሚሞሉት እናቶች ድርሽ አላሉም። መጀመሪያ ቀደም ብዬ መጥቼ ነው አለች። ቀጥሎ ዘግይቼ ነው አለች። ከዚያ ቀኑን ተጠራጠረች፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው? ጠዋት ሬዲዮው ምን ነበር ያለው? በመጨረሻ አጥሩን ይዛ ዞራ በሌላ በኩል ብትገባ፣ ኔል የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ አገኘቻት። ማታ ፊሊፓ ምን ነካሽ ስትላት፣ አውቶቡሱ ዘግይቶብኝ ነው ብላ ዋሸች። ምን ትበል? በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ልጆቹ ግን የሉም ትበል? እንዲያ የሚሉ ሰዎች የት እንደሚገቡ ታውቃለች። የጎረቤቷ የኤኒድ ነገርም እንዲሁ ነው የጀመረው፤ አንድ ቀን ገበያ ውስጥ መኪናዬን ሰረቁኝ ብላ ጮኸች፣ መኪናዋ ግን ቤቷ ደጃፍ ቆሟል። ዛሬ ኤኒድ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ ናት።

ስለዚህ አቭሪል እሑድን እንደ ፈተና ቀን ተሰናዳችበት። አንድ ነገር ሁለቴ አልጠይቅም፣ የሰው ስም አላምታታም፣ ቦርሳዬን የትም ጥዬ አልሄድም ብላ ለራሷ ማለች። ደግነቱ የሚሄዱት አሽሎው ነው፤ ፊሊፓ በኔል ዕድሜ ሳለች ከሌናርድ ጋር ይዘዋት የሄዱበት የጥንት ባላባቶች ቤት። እዚያማ ማን ይስተካከላታል? ፊሊፓ ራሷ ምንም አታስታውስም። ክፍል በክፍል እየመራሁ አስጎበኛቸዋለሁ፣ አእምሮዬ እንደ ምላጭ እንደሆነ በዓይናቸው ያያሉ አለች።

መኪና ውስጥ ገና ጉዞ ሲጀምሩ ጀመረች። መጀመሪያ የድንጋይ ደረጃ ወጥተን እንገባለን፣ አዳራሹ ውስጥ ቀንዳቸው የተንጨባረረ የአጋዘን ራሶች ከግድግዳ ላይ ቁልቁል ያዩናል፣ ከዚያ ሰፊው ደረጃ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሐር የለበሰው አልጋ፣ ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መጨረሻ ላይ የመዳብ ድስት የተሰቀለበት ወጥ ቤት፣ ከዚያ ወጥተን ግቢው ውስጥ ሻይ እንጠጣለን። ግቢው ውስጥ አንድ አረንጓዴ በቀቀን እንደነበረና ሌናርድን ባየ ቁጥር «ራሰ በራ» እያለ ይሰድበው እንደነበርም ነገረቻቸው። ኔል ይኸን ከሰማች በኋላ ሌላ ነገር አላወራችም። ከኋላ ሆና የአባቷን ጭንቅላት እያየች ራሰ በራ ራሰ በራ ትላለች። ስቱዋርት እጁን ወደ አናቱ ሰደድ አድርጎ፣ ገና ነው፣ ትንሽ ቀርቷል አላት።

«ደግሞ ኔልዬ፣ ሣሩ ላይ እንዳትሮጪ» አለች አቭሪል። «ጉድባ አለ። ከቤቱ ፊት ለፊት ሜዳው ዝም ብሎ የሚሄድ ይመስላል፣ ግን መሐል ላይ ድንገት ይቆረጣል። ድሮ ጌቶቹ አጥር ዓይናቸውን እንዳይከልለው፣ በጎቹም ወደ ቤቱ እንዳይመጡ ብለው ነው ያስቆፈሩት። እናትሽ ልትገባበት ስትል አያትሽ በኮቷ ኮፍያ ነው ለቀም ያደረጋት።»

ፊሊፓ አላስታውስም አለች፤ አነጋገሯ ለስለስ ያለ ነበር። አቭሪል ልስላሴውን አልወደደችውም።

ደርሰው መኪናቸውን ሰፊ መስክ ላይ፣ ብዙ መኪና መሐል አቆሙ። ያኔ ያቆሙት ዛፍ ሥር ነበር፤ መስክ አልነበረም። አቭሪል ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። ከመስኩ የሚወጣው መንገድ በቁጥቋጦ መሐል አልፎ አንድ ለጥ ያለ ሣር ላይ ጣላቸው፣ ማዶ ቤቱ ቆሟል። ኔል እንዳየችው ፈትለክ።

«ቁሚ! ጉድባው!»

ብርድ ልብስ ዘርግተው የተቀመጡት ሁሉ ቀና አሉ። አንድ ሰውዬ የጎረሰውን ሳይውጥ ቆሞ ወደ እግሩ ሥር ይመለከት ጀመር። ኔል ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሣሩ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሣር ነው፤ አንዲት ስንጥቅ እንኳ የለውም፣ መጨረሻው ላይ ጽጌረዳ የተጠመጠመበት ግንብ አለ፣ በቃ። አቭሪል ፊቷ ሲግል ተሰማት። ስቱዋርት ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ «ደፍነውት ይሆናል» አለ። ደግ ሰው ነው ስቱዋርት። ደግነቱ ግን እንደ መርፌ ወጋት።

ኔል እየተመለሰች፣ «አያቴ፣ ጉድባው የት አለ?» አለች።

«አለ» አለች አቭሪል። «የሆነ ቦታ አለ።»

ከቤቱ ጥግ ላይ ወረፋ አዩና ተሰለፉ። የምን ወረፋ እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ እዚያ አገር ሰው ወረፋ ሲያይ መጀመሪያ ይሰለፋል። ፊት ለፊታቸው ያለችው ሴትዮ የመጸዳጃ ቤት ነው ብላ ታስብ ነበር መሰል፣ አንዲት ዝቅ ያለች በር ጋ ደርሳ ትኬት ስትጠየቅ ደነገጠች፤ ግን ዝም ብላ ገባች። አቭሪልም የአሽከሮች በር ነው፣ በውስጥ አድርገው ወደ ደረጃው ይወስዱናል ብላ ጎንበስ ብላ ገባች።

«አሁን የአጋዘኖቹ ራስ ነው» አለቻት ኔልን።

የመዳብ ድስት ነበር። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የመዳብ ድስት፣ ምጣድ፣ ጭልፋ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከሸክላ የተሠራ የውሸት ዓሣ ተጋድሟል። ያ መጨረሻ ላይ መሆን የነበረበት ወጥ ቤት ነው። በየክፍሉ ጎብኚ የሚያስተናግድ በጎ ፈቃደኛ አለ፤ እዚህም አንዲት ሴት ደረቷ ላይ ስሟን ለጥፋ ቆማለች፣ ግን ሰው ከቧት ስለነበር አቭሪል አልደረሰችባትም። ኔል ሞቀኝ ብላ ሹራቧን አወለቀች፤ አቭሪል አታውልቂ፣ የድንጋይ ቤት ብርድ ሥጋ ውስጥ ይገባል እያለች ስትከራከር የሰዉ ግፊያ ወደፊት ገፋቸው።

ቀጥሎ ረጅም ጨለም ያለ መተላለፊያ፣ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት። የክፍሉን ጨርቆች ፀሐይ እንዳይበላቸው የመስኮቱ መጋረጃ ግማሽ ድረስ ወርዷል፤ ሰዉ ሁሉ እንደ ዓሣ በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። አቭሪል ወንበር ፈለገች። ልቀመጥ ብትል በየወንበሩ ላይ አንዳንድ የጥድ ፍሬ አለ። እዚያ ቤት መቀመጥ ክልክል ነው ብሎ መጻፍ ነውር ስለሚመስላቸው የጥድ ፍሬ ያስቀምጣሉ፤ ጨዋ ሰው ያይና ይረዳል። አቭሪልም ጨዋ ስለሆነች እየተንገዳገደች ቆመች። ይህን ክፍል ታውቀዋለች፤ ግን እንደ ሰው ፊት በመስታወት ውስጥ ሲታይ ሁሉ ነገሩ ተገልብጦባታል። የመደርደሪያው መሰላል በግራ ነው፣ በቀኝ መሆን ነበረበት። የዓለም ካርታ የተሣለበት ሉል በቀኝ ነው።

ጥግ ላይ ያለውን ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ ጠጋ ብላ፣ ድሮ ስመጣ አዳራሹ መጀመሪያ ነበር፣ አጋዘኖቹም እዚያ ነበሩ አለችው። ሰውየው በፈገግታ አንገቱን ነቀነቀ።

«እንዴት ደስ ይላል። ትዝታ እኮ ትልቅ ነገር ነው» አላት።

አዎ ወይም አይደለም አላለም። አቭሪል የባሰ ግራ ገባት። ልጠይቅ፣ ቤቱን ገለበጣችሁት ወይ ልበል አለች፤ ፊሊፓ ግን ከጀርባዋ ናት። የቆመ ቤት ማን ይገለብጣል? ይልቅ ከዚህ ክፍል ቀጥሎ ያለውን በእርግጠኝነት ስለምታውቀው፣ ራሷን ለማረጋጋት ያህል ኔልን እጇን ይዛ ወደ በሩ ዞር አለች።

«ነይ፣ አሁን ወጥ ቤቱን እናያለን።»

ፊሊፓ እናቷን ክርኗ ላይ ያዝ አደረገቻት። «እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «ወጥ ቤቱን አሁን አይተን መጣን እኮ።»

ፊሊፓ ባሏን አየችው፣ ባሏ የመጻሕፍቱን ጀርባ ማንበብ ጀመረ። አቭሪል ማክሰኞን ከእጇ ሲያንሸራትቱት ታያት። ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ እራት ይጠሯታል፣ ስጋውን እየቆረጡ ይሰጧታል፣ ጮክ ብለው ያናግሯታል። ኔል ሲደክማት ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ ጥላ የምትተኛበት ከሰዓት ግን አበቃ።

ሰማያዊው አልጋ ያለበት ክፍል ሲደርሱ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እነሆ አልጋው አለ። ግን አፏን አልከፈተችም። እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የኔል ክንድ በብርድ ጠጉሩ ቆሞ ያየችው።

«ሹራብሽስ?»

ኔል ክንዶቿን አየች። ወጥ ቤት፣ ከዓሣው ጠረጴዛ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ትታዋለች። ፊሊፓ እኔ አመጣዋለሁ አለች። አቭሪል አይሆንም፣ እኔ አመጣዋለሁ አለች። ፊሊፓ ሰው በብዛት እየመጣ ነው፣ ግፊያ አለ አለች። ያኔ አቭሪል የልጇን ዓይን ትክ ብላ አየች።

«ሹራብ ማምጣት እችላለሁ፣ ፊሊፓ።»

ኔል እኔም አብሬ ብላ እጇን ያዘች። ፊሊፓ በሩ ላይ የሚጋፋውን ሰው አየች። በኋላ፣ እሺ፣ ግን ቀጥ ብላችሁ ተመለሱ አለች።

እዚያ ቤት ውስጥ በሰዉ ጉዞ ተቃራኒ መሄድ በግራ በሚነዳበት አስፋልት ላይ በቀኝ እንደ መንዳት ነው። አቭሪል ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ሹራብ ነው እያለች በሰው መሐል ተሽሎከለከች። የቤተ መጻሕፍቱ ሽማግሌ፣ «ብዙዎቹ በዚያኛው በኩል ነው የሚሄዱት» አላት፤ ተመለሽ ማለቱ ነው። ይቅርታ አለችው፣ ከዚያ ግን ገና መግቢያው በር ላይ ቀጥ አለች።

መሰላሉ በቀኝ ነበር። ሉሉ በግራ። መስኮቱ ከፊት። ሌናርድ ሉሉን በጣቱ ሊነካ ሲል እጁን በቦርሳዋ የመታችው እዚች ጋ ቆማ ነው።

«ኔልዬ» አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። «ከዚህ ቀጥሎ ረጅም መተላለፊያ ነው። መጨረሻው ላይ ከበሩ በላይ ደወሎች ተደርድረዋል። አንደኛው ምላስ የለውም።»

ኔል ሮጣ ገብታ አንገቷን ሰቅላ ደወሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ስትመጣ አላየቻቸውም ነበር፤ ከጀርባዋ ነበሩ።

«የለውም!» አለች። «አያቴ፣ ምላስ የለውም። ቀጥሎስ?»

ቀጥሎ ዝቅ ያለ ደረጃ፣ ጭንቅላትሽን ጠብቂ አለቻት፤ ነበር። ከዚያ ውሃ የሚቀዳበት የድንጋይ ገንዳ አለቻት፤ ነበር። አቭሪል እየተናገረች ትሄዳለች፣ ቤቱ እየታዘዘ ይመጣል። ደስታና ፍርሃት ተቀላቅሎባት፣ እውነት እየሆነ ነው ወይስ ልጅቷ እያባበለችኝ ነው ትላለች።

ሹራቡ አግዳሚው ላይ ተጣጥፎ ጠበቃቸው። የወጥ ቤቷ በጎ ፈቃደኛ አሁን ሰው ቀለል ብሎላት ነበርና፣ ሲመጡ አይታ ሳቀች።

«በድሮው መንገድ ነው የመጡት» አለች።

«የድሮው መንገድ አለ?» አቭሪል በዚያ ቀን ሙሉ ስለ ቤቱ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር።

ሴትዮዋ አለ እንጂ አለቻት። ቀድሞ ሰው የሚገባው በፊት ለፊት፣ በደረጃው ነበር፤ ለአካል ጉዳተኛ ጋሪና ለልጆች ጋሪ ስላልተመቸ አሁን ሁሉንም በጓሮ አስገብተን፣ ከባለጋሪዎቹ በቀር በፊት እናስወጣለን፤ የድሮ ጎብኚዎች ሁሉ ይዞርባቸዋል። አቭሪል የጠረጴዛውን ጫፍ ይዛ ትንሽ ቆመች። ታዲያ የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ለምን አልነገረኝም አለቻት።

«ሰው ደስ ብሎት የሚያወራውን ትዝታ እንዴት አድርጎ ያርማል? ይከብዳል እኮ።»

አቭሪል ድፍረት አገኘችና፣ በቀቀኑስ የት ሄደ ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ በቀቀን የሚባል ነገር እዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም አለች፤ እናቷም እዚሁ ታገለግል ስለነበር፣ ኖሮ ቢሆን ትሰማ ነበር። ታዲያ ሌናርድን የሰደበው ማነው?

በጓሮ በር በኩል ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ጎርፎ ገባ። ሴትዮዋ ተመልሳችሁ ከምትጋፉ በውጭ ዞራችሁ ፊት ለፊት ደረጃው ሥር ጠብቋቸው፣ የሚወጡት በዚያ ነው አለቻቸው። አቭሪል ለኔል ሹራቡን አለበሰቻት፣ የሹራቡን ኮፍያ ከአንገቷ በላይ አስተካከለችላት፣ እስከ አገጭዋ ዘጋችላት። ኔል እያነቀኝ ነው አለች፤ አቭሪል አልሰማቻትም። ቀጥ ብላችሁ ተመለሱ የተባለው ከአእምሮዋ አልወጣም፣ ግን ይኸ ነው ቀጥታው ብላ ራሷን አሳመነች። ባትሪው እንዳያልቅ ብላ ያጠፋችው ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ከሥር ነበር።

የቤቱን ጥግ ዞረው ሲወጡ የፊቱ ሜዳ ተዘረጋ፤ ጠዋት ያቋረጡት የጓሮውን ሣር ኖሯል። የድንጋዩ ደረጃ እዚያ ነው። ሣሩ ከደረጃው ተነሥቶ በጎቹ እስከሚግጡበት ድረስ፣ ከዚያም እስከ ዛፎቹ ድረስ አንድ ሆኖ ይሄዳል። በጎቹ ቅርብ ናቸው፣ እጅ ቢዘረጉ የሚነኩ ይመስላሉ።

ኔል በጎቹን አየችና እጇን መንጭቃ ሮጠች።

«ኔል፣ ቁሚ! ጉድባ አለ!»

ጠዋት አንድ ጊዜ ተታልላለች፣ አሁን ማን ይሰማል። እንዲያውም ሳቀች፣ ጉድባ ጉድባ እያለች ባሰባት። አቭሪል ቦርሳዋን ጣለች። ከስንት ጊዜ ወዲህ ሮጣ አታውቅም፤ ዳሌዋን ሐኪሙ ተጠንቀቂለት ብሏታል፣ ደረጃ እንኳ የምትወርደው በጎን ነው። ሮጠች። ልጅቷ ሣሩ የተቆረጠበት ጋ ስትደርስ ነው ጉድባውን ያየችው፤ ልትቆም ስትል ጫማዋ ዳጥ ላይ ተንሸራተተ፣ የአቭሪልም እጅ ከኋላ ኮፍያውን ጨበጠው። ሁለቱም ሣሩ ላይ በቂጣቸው ቁጭ አሉ።

ከእግራቸው ሥር ግንቡ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከኔል ቁመት ይበልጣል። ታች ሳማ በቅሏል። አንዲት በግ ከሳማው መሐል ቀና ብላ እያመነዠከች አየቻቸው።

ፊሊፓና ስቱዋርት የወጡት ያኔ ነው። ከደረጃው ላይ ሆነው ያዩት ይህን ነው፤ አያትየዋ ሕፃኗን ይዛ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋ መሐል ሜዳ ላይ ተበትኗል። ፊሊፓ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቶ እየሮጠች መጣች።

«ስልክሽን ለምንድነው የማታነሺው? የት ነበራችሁ? ቀጥ ብላችሁ ተመለሱ አላልኳችሁም?»

አቭሪል ቁና ቁና ትተነፍሳለች። እጇ ኮፍያውን አልለቀቀም፤ ጣቶቿ እምቢ አሏት። ኔል ግን፣ «ጉድባው ይኸውና» አለች፤ እሷ ራሷ ያስቆፈረችው ይመስል። «አያቴ ለቀም አደረገችኝ።»

ስቱዋርት አንገቱን አስግጎ ወደ ታች አየ። «አለ» አለ። «አልደፈኑትም።»

ፊሊፓም አየች። ግንቡን፣ ሳማውን፣ በጓን አየች። ከዚያ ሳታውቀው እጇ ወደ ማጅራቷ ሄደ፣ ድሮ ኮፍያ ይኖር በነበረበት ቦታ። ጎንበስ ብላ የእናቷን ጣቶች ከኮፍያው ላይ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

ሻይ ቤቱ ድሮ አበባ ይተከልበት የነበረ የመስታወት ቤት ውስጥ ነው። ስቱዋርት ስኮን የሚባለውን ሞቅ ያለ ዳቦ፣ ማርማላታና ክሬም በትሪ ይዞ መጣ። አቭሪል ማርማላታው ላይ ያረፈ ተርብ በናፕኪን አባረረች፣ የኔልን ብርጭቆ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ መሐል ሳበች፣ መልሳ ሳበች። ልቧ አልተረጋጋም። ቤቱ እውነት ሆኗል፣ ጉድባው እውነት ሆኗል፣ በቀቀኑ ግን ውሸት ሆኗል። ማክሰኞስ ከየትኛው ወገን ናት? ፊሊፓ ማንኪያዋን አስቀምጣ ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ አቭሪል ቀደመቻት።

«የማክሰኞን ነገር ልትነግሪኝ ነው» አለች። «ሰው ፊት አላለቅስም፣ አትፍሪ።»

ፊሊፓ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላች።

«መጀመሪያ ግን እኔ ልንገርሽ። አውቶቡሱ አልዘገየም። በሩ ላይ ነበርኩ። ከሰዓቱ ቀድሜ ሄጄ ትልቁ ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር፤ ማንም አልወጣም። አንድም ልጅ፣ አንድም እናት። እየቆየሁ ስሄድ ቀኑም ጠፋብኝ። ያበድኩ መሰለኝና ዋሸሁሽ።»

ፊሊፓ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ፣ አጥሩ ላይ ፈዝዘሽ ቆመሽ እንዳዩሽ ጸሐፊዋ ነግራኝ ነበር፤ የኤኒድ ነገር መጣብኝ፤ ከትምህርት በኋላ ልጆች የሚቆዩበት ክበብ ኔልን አስመዝግቤያታለሁ፣ ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ትጀምራለች አለች።

ስቱዋርት ክሬም የሚቀባበትን ቢላ አየር ላይ አቆመው።

«ትልቁ ዛፍ ሥር አሉ?» አለ። «ያ በር እኮ ካለፈው ሰኞ ወዲህ ተዘግቷል። ቧንቧ እየቆፈሩ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት በኋላው በር ነው የማስገባት።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ነግረሻቸው መስሎኝ።»

«አንተ የነገርካት መስሎኝ» አለች ፊሊፓ።

የአጎራባች ጠረጴዛ ሰዎች ወሬያቸውን ቀነስ አደረጉ፣ ከዚያ ጨዋ ስለሆኑ ቶሎ መልሰው ጨመሩት። ስቱዋርት የሚያደርገው ቢጠፋው የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ ሙሉ የነበረው የሚስቱ ኩባያ ላይ ቀዳበት፤ ሻዩ ሞልቶ ትሪው ውስጥ ገባ። ፊሊፓ አላየችውም። እናቷን እያየች ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

አቭሪል ይህን ስትል ቁጣ አልነበረባትም፤ የምር ነበር የጠየቀችው፣ መልሱን ልታውቅ። ፊሊፓ ከሳህኗ ላይ ክሬም የበዛበትን የስኮን ግማሽ አንሥታ እናቷ ሳህን ላይ አስቀመጠችው።

«ነገ ለክበቡ እደውላለሁ» አለች። «ማክሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሩን ላሳይሽ።»

አንድ ጊዜ ብቻ መባሉ አቭሪልን ትንሽ ቆነጠጣት፤ በር ማግኘት ያቅተኛል እንዴ? ግን ደግሞ የኋላ በር ሲባል በየትኛው ኋላ ነው? በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል ያለው ነው ወይስ በመጫወቻው? ጠይቂ ጠይቂ አላት ልቧ፤ ጠየቀች። በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል ነው አላት ስቱዋርት። ኔል ክሬም በአፍንጫዋ ይዛ፣ እኔ አሳይሻለሁ፣ እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ አለች። በቀቀኑን ያነሣ የለም። አቭሪልም አላነሣችም፤ ምናልባት ሌላ ቤት ነበር፣ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ሻይ። ሌናርድን ልትጠይቀው አትችልም።

ሊመሽ ሲል ወደ መስኩ ወጡ። ሁሉም መኪና ግራጫ ነው። ፊሊፓ ቁልፉን ይዛ ቀድማ፣ በሙሉ ልብ፣ ከአንድ ዛፍ ወደ ግራ ታጥፋ በመደዳው ውስጥ ዘልቃ ሄደች፤ አንዱ መኪና ጋ ደርሳ ቁልፉን ጫን፣ በሩን ሳብ፣ እንደገና ጫን። መስኮቱን ብታንኳኳ ከውስጥ አንድ ትልቅ ውሻ ተነሥቶ ጮኸባት። ፊሊፓ ሁለት እርምጃ አፈገፈገችና ዙሪያዋን ተመለከተች፤ መስኩን አንድም ቀን አይታው የማታውቅ ትመስላለች።

ስቱዋርት ወዲህ ነው መሰለኝ ብሎ በሌላ መደዳ ሄደ። መኪናቸው በዚያም አልነበረም። አቭሪል የት እንዳቆሙት የምታስታውስ ይመስላታል፤ ከመስኩ በር በስተቀኝ፣ ቢጫ ቦርሳ ከተሰቀለበት አጥር አጠገብ። ግን እርግጠኛ አይደለችም፣ በቀቀኑንም እንዲሁ ነበር የምታስታውሰው። የኔልን ኮፍያ አስተካክላ እጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ፊሊፓ» አለች። «በአጥሩ በኩል ሞክሪ እስቲ። ካልሆነም አብረን እንፈልጋለን።»